ውሃ የሚያጥበውና ውሃ የማያጥበው፦ ስለ ክሮም ማዕድን ማበልጸግ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች የመጡ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች በእጃችን አሉ እንበል። የቤተ ሙከራው ውጤት ሁለቱም 26 በመቶ የክሮሚየም ኦክሳይድ እንደያዙ ይናገራል። ሁለቱ እኩል ዋጋ አላቸው? ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው «አዎን» ይላል። ድንጋዩን የሚያውቅ ባለሙያ ግን «ገና አልታወቀም» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱም አንደኛው ተፈጭቶና ታጥቦ 50 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ 42 በመቶ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ልዩነቱ የመጣው ከማሽኑ ወይም ከሠራተኛው ትጋት አይደለም። የመጣው ከክሪስታሉ ነው።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ ያተኩራል። በክሮም ማዕድን ውስጥ ሁለት ዓይነት ባዕድ ነገር አለ። አንደኛው ከክሮም ቅንጣቱ አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ድንጋይ ነው፤ ይህን ውሃ ያጥበዋል። ሁለተኛው በቅንጣቱ ውስጥ፣ በአቶሞቹ መካከል የተቀመጠ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ነው፤ ይህን ውሃ አያጥበውም፤ የሚለየው እሳት ወይም ኬሚካል ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ፋብሪካ መትከል፣ ጉድጓዱን ሳይለኩ ገመድ እንደ መግዛት ነው።

በመጀመሪያ ከማዕድኑ ጋር እንተዋወቅ። ክሮሚየም የተባለውን ንጥረ ነገር ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1797 ሲሆን፣ ያገኘበትም ከሩሲያ የመጣ ቀይ የእርሳስ ማዕድን ነበር። ውህዶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ስለሆኑ «ቀለም» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም ወጣለት። ይሁን እንጂ ኢንዱስትሪው ዛሬ የሚጠቀምበት ምንጭ ያ ያማረ ቀይ ድንጋይ አይደለም። ክሮማይት የሚባል፣ ጥቁርና ከባድ፣ ሲፈጭ ቡናማ ዱቄት የሚሰጥ ማዕድን ነው።

ክሮማይት በመጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ አንድ የብረት አቶም፣ ሁለት የክሮሚየም፣ አራት የኦክሲጅን። ይህ ንጹሕ ቅርጽ ቢገኝ ኖሮ 68 በመቶ ያህሉ የክሮሚየም ኦክሳይድ፣ ቀሪው 32 በመቶ የብረት ኦክሳይድ በሆነ ነበር። ተፈጥሮ ግን እንዲህ ንጹሕ አድርጋ አትሰጠንም። በብረቱ ወንበር ላይ ማግኒዚየም ይቀመጣል፤ በክሮሚየሙ ወንበር ላይ አሉሚኒየምና ሌላ ዓይነት ብረት ይቀመጣሉ። ክሪስታሉ ቅርጹን አይለውጥም፤ የተቀመጡት እንግዶች ግን ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ «ክሮማይት» ስንል አንድን ማዕድን ሳይሆን አንድን ቤተሰብ እየጠራን ነው።

ገበያው ከዚህ ቤተሰብ ምን ይፈልጋል? በዓለም ላይ ከሚመረተው ክሮማይት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቀልጦ ፌሮክሮም ይሆናል፤ ፌሮክሮምም የማይዝግ ብረት ለመሥራት ይውላል። አንድ ብረት «የማይዝግ» የሚለውን ስም የሚያገኘው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ነው፤ በወጥ ቤታችን የምናውቀው የተለመደው ዓይነት ደግሞ 18 በመቶ ያህል ይይዛል። የቀረው ጥቂቱ ክሮማይት ሦስት ቦታ ይሄዳል። ለኬሚካል ፋብሪካዎች የሚሄደው የሲሊካ መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ መሆን አለበት። እሳት የሚችሉ ጡቦችን ለሚሠሩ የሚሄደው የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ ድምር ከፍ እንዲል ይፈለጋል። የብረታ ብረት ቅርጽ ማውጫ አሸዋ የሚሆነው ደግሞ ቅንጣቱ እኩልና ንጹሕ መሆን ይጠበቅበታል። እንግዲህ «ጥሩ የክሮም ማዕድን» የሚባል ነገር ብቻውን የለም፤ ለምን ሥራ እንደሚውል ሳይነገር ጥራቱ አይመዘንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ደረጃ መስበርና መፍጨት ነው። ዓላማው ድንጋዩን ማድቀቅ ብቻ ቢመስልም ዋናው ነገር ቅንጣትን ከቅንጣት ማላቀቅ ነው። የክሮማይቱ ቅንጣት አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ድንጋዩን አሥር ሚሊ ሜትር ላይ ብናቆመው ግማሹ ክሮማይት ግማሹ ተራ ድንጋይ የሆነ ድብልቅ ይቀርብናል። ከልክ በላይ ብንፈጨው ደግሞ ክሮማይት ተሰባሪ ስለሆነ ዱቄት ይሆናል፤ ያ ዱቄት ከውሃው ጋር ነጉዶ ይጠፋል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ይበልጥ መፍጨት ይበልጥ ማጥራት ነው» ብለው ያስባሉ። በክሮም ግን ከልክ ያለፈ መፍጨት ለኤሌክትሪክ ገንዘብ ከፍሎ ማዕድን መድፋት ነው። ስለዚህ በየደረጃው በወንፊት እየለዩ፣ የተላቀቀውን ቶሎ ማውጣት፣ ያልተላቀቀውን ብቻ ወደ ወፍጮ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደረጃ መለየት ነው። የዚህን ሳይንስ መሠረት እናቶቻችን ያውቁታል። ሰፌድ ይዘው እህል ሲያንገዋልሉ ከባዱ ጠጠር ወደ አንድ ወገን፣ ቀላሉ ገለባ ወደ ሌላው ይሄዳል። ወርቅ አጣቢዎችም በወንዝ ዳር ገበቴያቸውን ሲያሽከረክሩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የክሮማይት እፍጋት ከውሃ 4.5 እጥፍ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አብሮት የሚገኘው ሰርፐንታይን የተባለው አረንጓዴ ድንጋይ 2.6 እጥፍ ያህል፣ ኦሊቪን የተባለው ደግሞ 3.3 እጥፍ ያህል ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ጠቃሚ ንጽጽር እናውጣ። ሁሉም በውሃ ውስጥ ስለሚለዩ ከእያንዳንዱ የውሃውን 1 እንቀንስ። ክሮማይት 3.5፣ ሰርፐንታይን 1.6፣ ኦሊቪን 2.3 ይሆናሉ። ክሮማይቱን ለሰርፐንታይን ስናካፍለው 2.2 እናገኛለን፤ ለኦሊቪን ስናካፍለው 1.5 ብቻ። በሙያው ልምድ ይህ ውጤት ከ2.5 በላይ ሲሆን መለየቱ ደቃቅ ለሆነ ቅንጣት እንኳ ቀላል ነው፤ ወደ 2 ሲጠጋ እስከ ጥሩ አሸዋ መጠን ድረስ ይሠራል፤ ወደ 1.5 ሲወርድ ግን ለሻካራ ቅንጣት ካልሆነ በስተቀር ያስቸግራል። ልብ በሉ፤ ክሮማይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የጎረቤቱ ድንጋይ ማንነት ብቻ የፋብሪካውን ዕጣ ይወስናል። ኦሊቪኑ በዘመናት ብዛት ውሃ ጠጥቶ ወደ ሰርፐንታይን የተለወጠበት ቦታ ለማጠብ የተመቸ ነው፤ ትኩስ ኦሊቪን ያለበት ቦታ ግን ያታግላል።

መሣሪያዎቹም እንደ ቅንጣቱ መጠን ይመረጣሉ። ቡጢ የሚያህለውን ድንጋይ ለመለየት ፌሮሲሊከን የተባለ ከባድ ዱቄት በውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ከተራው ድንጋይ የከበደ ፈሳሽ ይዘጋጃል፤ ቀላሉ ድንጋይ ይንሳፈፋል፣ ክሮማይቱ ይሰምጣል። አሸዋ ለሚያህለው ጠመዝማዛ አሸንዳዎች አሉ። ማዕድኑ ከውሃ ጋር ሆኖ እንደ ደረጃ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከባዱ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ፣ ቀላሉ ወደ ውጪኛው ይሰበሰባል። አሸንዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ ሥራውን የሚሠሩት ውሃና ስበት ናቸው፤ ኃይል የሚያስፈልገው ድብልቁን ወደ ላይ ለሚገፋው ፓምፕ ብቻ ነው። ከዚያ ለደቀቀው ተንቀጥቃጭ ጠረጴዛ ይውላል፤ ጥሩ ይለያል፣ ነገር ግን በሰዓት የሚያስተናግደው መጠን ትንሽ ነው። በመጨረሻም ክሮማይት በደካማነት ወደ ማግኔት ስለሚሳብ፣ ብርቱ ማግኔት ያላቸው መለያዎች አሸንዳው ያመለጠውን ደቃቅ ይለቅማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ሒሳቡ የምሳሌ ነው። ወደ ፋብሪካችን 100 ቶን ድንጋይ ገባ፤ 26 በመቶ ክሮሚየም ኦክሳይድ አለው። የታጠበው ምርት 42 በመቶ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በውጤቱ ደስ ብሎታል። ነገር ግን ማንም ወደ ቅሪቱ ኩሬ ሄዶ አልለካም። ቅሪቱ 10 በመቶ ከሆነ፣ ከ100 ቶኑ 50 ቶን ምርት አግኝተናል፤ ከገባው ክሮም 81 በመቶ ያህሉ እጃችን ላይ አለ። ቅሪቱ 14 በመቶ ከሆነ ግን ያገኘነው 43 ቶን አይሞላም፤ እጃችን ላይ ያለውም 69 በመቶ ብቻ ነው። የምርቱ ጥራት በሁለቱም ቀን 42 ነው፤ የሽያጭ ወረቀቱም አንድ ነው። በቅሪቱ ውስጥ የታየችው አራት ነጥብ ልዩነት ግን ከክሮሙ 12 በመቶ ያህሉን ወሰደች። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ የምርቱን ጥራት ጽፋችሁ የቅሪቱን ከተዋችሁት፣ የገቢውን ጽፎ ወጪውን እንደ ተወ ነጋዴ ናችሁ።

አሁን ይህ ሁሉ በእውነተኛ ቦታ እንዴት እንደሚታይ ወደ ሰሜን ፊንላንድ ሄደን እንመልከት። በኬሚ ከተማ አቅራቢያ ክሮማይት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ድንጋዩ ድሃ ነበር፤ የክሮሚየም ኦክሳይድ መጠኑ 26 በመቶ አካባቢ ነው፤ የክሮሚየሙና የብረቱ ንጽጽርም ከ2 በታች ነው። በዚያ ዘመን ገበያው ይፈልግ የነበረው ከ46 በመቶ በላይ የሆነና ክሮሚየሙ ከብረቱ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጓል ማዕድን ነበርና፣ በወረቀት ላይ ኬሚ የሚናቅ ነበር። የኬሚ ሰዎች ግን ድንጋያቸውን አጠኑ። ጓሉን በከባድ ፈሳሽ ወደ 35 በመቶ አካባቢ፣ ደቃቁን በስበትና በማግኔት ወደ 45 በመቶ አካባቢ ከፍ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1968 በጎረቤቷ በቶርኒዮ ማቅለጫ ምድጃ ተከሉ፤ በ1976 የማይዝግ ብረት ማምረት ጀመሩ። የቀለጠው ፌሮክሮም ሳይቀዘቅዝ ወደ ብረት ፋብሪካው ይጓዛል፤ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝም ተመልሶ ማገዶ ይሆናል። ድሃ ድንጋይ የሀብት ምንጭ የሆነው ድህነቱ የት እንዳለ ስለታወቀ ነው።

ከማጠቢያው የሚወጣው ምርት አሸዋ ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ ችግር ያመጣል። የማቅለጫ ምድጃ አሸዋ አይወድም። ከታች የሚፈጠረው ጋዝ ወደ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ አሸዋው ቀዳዳውን ሲደፍነው ጋዙ ተጠራቅሞ በድንገት ይፈነዳል። ስለዚህ ደቃቁ ማዕድን ከኮክ ከሰል ዱቄትና ከቤንቶናይት ሸክላ ጋር ተለውሶ እንደ ሽንብራ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም እንደ ሸክላ ዕቃ ተተኩሶ ይጠነክራል። ይህ መካከለኛ ደረጃ ተራ ቢመስልም፣ የደቃቅ ማዕድን ዋጋ ከጓሉ ጋር እንዲቀራረብ ያደረገው እርሱ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኘው ክሮማይት ብዙው ተሰባሪ ስለሆነ፣ ያለ ማድቦልቦል በተለመደው ምድጃ ሊሠራበት ያስቸግር ነበር።

አሁን ውሃ ወደማያጥበው ክፍል ደረስን። የታጠበ ምርታችን 42 በመቶ ክሮሚየም ኦክሳይድ አለው እንበል። ይህ ወደ ክሮሚየም ብቻ ሲመለስ 28.7 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ቅንጣት ውስጥ 20 በመቶ ብረት ካለ፣ ክሮሚየሙን ለብረቱ ስናካፍል 1.4 እናገኛለን። ማንኛውም አሸንዳ፣ ማንኛውም ማግኔት ይህን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው አይችልም፤ ብረቱ ክሪስታሉ ውስጥ ነውና። ወደ ምድጃ ሲገባ ብረቱ ከክሮሚየሙ ይልቅ ቀድሞ ይለያል፤ አብሮትም ወደ ቅይጡ ይገባል። ካርቦኑንና ሲሊከኑን ጨምረን ስናሰላ 52 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ቅይጥ እናገኛለን። ንጽጽሩ 3 ቢሆን ኖሮ ቅይጡ 67 በመቶ ገደማ ይይዝ ነበር። የዚምባብዌው ታላቁ ዳይክና የካዛኪስታን ማዕድን ከፍ ባለ ንጽጽራቸው ለረጅም ጊዜ የተወደዱት፣ የደቡብ አፍሪካው ቡሽቬልድ ደግሞ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው ክምችት ይዞ ሳለ እንደ ሁለተኛ ደረጃ የታየው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታሪኩን የለወጠው የማዕድን ባለሙያ አልነበረም፤ ከብረት ማጣሪያው በኩል የመጣ ሐሳብ ነው። ርካሽ ፌሮክሮም ከ6 እስከ 8 በመቶ ካርቦን ይይዛል፤ የማይዝግ ብረት ደግሞ ካርቦንን አይወድም። ካርቦኑን በኦክሲጅን ለማቃጠል ሲሞከር ክሮሚየሙም አብሮ ይቃጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ዊልያም ክሪቭስኪ የተባለው የዩኒየን ካርባይድ ተመራማሪ ኦክሲጅኑን ከአርጎን ጋር ቀላቅሎ ሲነፋ፣ ካርቦኑ ለብቻው ሲወጣ ክሮሚየሙ እንደሚቀር አየ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1968 በኢንዱስትሪ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ብረት አምራቾች ውዱን አነስተኛ ካርቦን ያለውን ቅይጥ የግድ መግዛት አላስፈለጋቸውም፤ ብረት የበዛበትና ካርቦን የበዛበት ርካሽ ቅይጥ በቃቸው። የማይዝግ ብረት ለሚሠራ ሰው ትርፍ ብረት ጉዳት አይደለም፤ የሚሠራው ብረት ነዋ! በአንድ ጀምበር ባይሆንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቡሽቬልድ ማዕድን ከሁለተኛ ደረጃ ወደ መሪነት ተሻገረ። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ከቡሽቬልድ ሳንወጣ አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ልጥቀስ። በዚያ ስፍራ ዩጂ ሁለት የተባለ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በታች የሆነ የክሮማይት ንጣፍ አለ። ማዕድን አውጪዎች የሚቆፍሩት በውስጡ ስላለው ፕላቲኒየም ነው። ክሮማይቱ ለፕላቲኒየም ሰዎች ጠላት ነበር፤ ወደ ምድጃቸው ሲገባ ሳይቀልጥ ከታች እየተጋገረ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ፕላቲኒየሙን በአረፋ አንሳፍፈው ይወስዱና ክሮማይቱን ወደ ቅሪት ኩሬ ይደፉት ነበር። ኋላ ግን አንዳንዶች አሰቡ፦ ድንጋዩ በሌላ ሰው ወጪ ተቆፍሯል፣ በሌላ ሰው ኤሌክትሪክ ተፈጭቷል፤ የቀረው በአሸንዳ ማሳለፍ ብቻ ነው። ዛሬ ከዚህ ቅሪት የሚወጣው 40 እና 42 በመቶ የሆነ አሸዋ በዓለም ገበያ ትልቅ ቦታ ይዟል። የአንዱ ፋብሪካ ቅሪት ለሌላው ማዕድን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ይሁን እንጂ እሳት የራሱ ዋጋ አለው። አንድ ቶን ፌሮክሮም ለማቅለጥ በተለመደው ምድጃ ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ እጥረትና የዋጋ ንረት ሲገጥማት፣ ምድጃዎቿ እየጠፉ የታጠበው አሸዋ ጥሬውን ወደ ቻይና መርከብ ተጫነ። ሀገሪቱ ማዕድኑ አላት፤ ዕውቀቱም አላት፤ ዋጋ የሚጨመርበት ደረጃ ግን ከእጇ ወጣ። ከዚህ የምንማረው፣ ማዕድንን ማጠብና ማዕድንን ማቅለጥ ሁለት የተለያዩ የኢኮኖሚ ውሳኔዎች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው ውሃና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የማይቋረጥና ርካሽ ኃይል።

በመጨረሻ ወደ ሦስተኛው መንገድ፣ ወደ ኬሚካሉ እንምጣ፤ ይህ መንገድ ወደ ሀገራችንም ይደርሳልና። ክሮማይት ተፈጭቶ ከሶዳ አሽ ጋር፣ አየር ባለበት፣ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጠበስ ክሪስታሉ ይፈርሳል። በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ክሮሚየም ሦስት ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጥና በውሃ የሚሟሟ ቢጫ ጨው ይሆናል። ብረቱ ሳይሟሟ ይቀራል። ውሃ ያላጠበውን ብረት እንዲህ አድርጎ ኬሚካሉ ለየው። ነገር ግን ክሮሚየም ስድስት መርዝ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰውን ለካንሰር እንደሚዳርግ ከተረጋገጡት መድቦታል። በስኮትላንድ በግላስጎው ደቡብ ምሥራቅ በ19ኛው መቶ ዓመት የተቋቋመው የጆንና የጄምስ ዋይት ፋብሪካ ሠራተኞች አፍንጫቸው ውስጥ ያለው ግድግዳ ይበሳ ነበር፤ ፖለቲከኛው ኪር ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ሥቃያቸው ጽፎ ሕዝቡን አስደነገጠ። ፋብሪካው በ1967 ተዘጋ። በየሜዳው የተደፋው ቅሪቱ ግን አልተዘጋም፤ ከስንት ዐሥርት ዓመታት በኋላም የአካባቢውን አፈርና ውሃ ሲበክል፣ መንግሥትን ለጽዳት ወጪ ሲዳርግ ኖሯል። በዚያ ቅሪት ውስጥ ኖራ ተቀላቅሎ ስለነበር ክሮሚየም ስድስቱ ቀስ እያለ ይሟሟል እንጂ አያልቅም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በሞጆና በሌሎች ከተሞቻችን ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳውን ሰማያዊ መልክ አልብሰው የሚያለሰልሱበት የክሮም ጨው የዚህ ጥብሳት የልጅ ልጅ ነው። ወደ ፋብሪካዎቻችን ሲደርስ ተመልሶ ክሮሚየም ሦስት ሆኗል፤ አደጋውም እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ቅሪቱ በግድየለሽነት ሲቃጠል፣ ኖራ በበዛበት ቦታ ከአየር ጋር ሲገናኝ፣ ክሮሚየም ሦስቱ ወደ ስድስት የመመለስ መንገድ አለው። ክሮማይት የያዙ አለቶች በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያም አሉ፤ አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ ስለ እነርሱ ሪፖርት እንዲጽፍ ይጠየቅ ይሆናል። ያን ጊዜ አካባቢን የሚመለከተው ምዕራፍ በሪፖርቱ መጨረሻ የሚለጠፍ ጌጥ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። መፍትሔውም ከኬሚስትሪው ውስጥ ነው፤ ማዕድኑን በደረቅ ሳይሆን በውሃ መፍጨት፣ የምድጃውን አቧራ መያዝ፣ የተበከለውን ውሃ በብረት ሰልፌት አክሞ ክሮሚየም ስድስቱን ወደ ሦስት መመለስ። በጥብሳቱ የለየነው ብረት፣ እዚህ ላይ ጨው ሆኖ መድኃኒታችን ይሆናል።

ንግግሬን ልቋጭ። አንድ የክሮም ድንጋይ በእጃችሁ ሲገባ፣ ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። አንደኛ፣ የክሮማይቱ ቅንጣት ራሱ፣ ከሌላው ድንጋይ ተለይቶ ሲመረመር፣ ስንት በመቶ ክሮም አለው? ያ ቁጥር የማጠቢያችሁ ጣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ቅንጣቱ በምን መጠን ላይ ይላቀቃል፣ ጎረቤቱስ ማነው? ያ መሣሪያችሁን ይመርጥላችኋል። ሦስተኛ፣ የክሮሚየሙና የብረቱ ንጽጽር ስንት ነው? ያ ገበያችሁን ይመርጥላችኋል። አራተኛ፣ ቅሪቱ የት ይሄዳል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላስ ምን ሆኖ ይጠብቀናል? ይህን የመጨረሻውን የሚመልሰው ከእናንተ በኋላ በዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

በመግቢያዬ ወዳነሣኋቸው ሁለት ድንጋዮች ልመለስ። ሁለቱም 26 በመቶ ናቸው። አሁን ግን ማናችሁም «እኩል ናቸው» እንደማትሉኝ ተስፋ አለኝ፤ «የድሃው ድንጋይ ድህነት ከውጪ ነው ወይስ ከውስጥ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ያን ጥያቄ ይዛችሁ ከዚህ አዳራሽ ከወጣችሁ፣ የዛሬው ምሽት ድካሜ ዋጋ አግኝቷል።